ሰንጠረዥ፦ ስለ ጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ ሕግጋት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቼዝ የሚችል ሰው ስለ ሰንጠረዥ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያፈጥጠው አንድ ነገር ላይ ነው፦ «ተራ የለም? እንዴት ተራ የሌለው ቼዝ ይኖራል?» እንደርስበታለን። መጀመሪያ ግን ከሥሩ እንነሳ፤ ጠጠሮቹን ሳያውቁ ወደዚያ መዝለል አይሆንም።

ሰንጠረዥ ከምናውቀው ቼዝ የተለየ ጨዋታ ነው ወይስ ያው ራሱ?

ሥጋ ዘመዶች ናቸው። ገበታው ያው 64 ቤት ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠር አለው፤ ዓላማውም ንጉሥ መያዝ ነው። ጨዋታው ከሕንድ ተነስቶ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ አረቡ ዓለም ሄደ፤ አረቦቹ ሻትራንጅ አሉት። ከዚያ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ አውሮፓ ገባ፣ ሌላው ወደ እኛ መጣ።

አውሮፓውያኑ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ጨዋታውን አፈጠኑት። ዛሬ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር የምታስሰው ንግሥት ያኔ የመጣች ናት፤ ቢሾፕም እንዲሁ። እኛ ዘንድ ይህ ለውጥ አልገባም። ጠጠሮቹ በጥንቱ አካሄድ ቀጠሉ። በዚህ ምክንያት ሰንጠረዥ «በሕይወት የቆየ የመጨረሻው ሻትራንጅ» ይባላል።

እኔ ግን ይህ አባባል ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው እላለሁ። አካሄዱ የጥንቱ ይሁን እንጂ አጀማመሩና አጨራረሱ ሌላ ቦታ የለም። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርጉትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ጠጠሮቹ እነማን ናቸው? እንዴትስ ይሄዳሉ?

ንጉሥ እንደምናውቀው በየትኛውም አቅጣጫ አንድ ቤት ይሄዳል። ካስሊንግ (በዘመናዊው ቼዝ ንጉሡና የጥግ ጠጠሩ በአንድ እርምጃ አብረው የሚሄዱበት) የሚባል ነገር የለም፤ ንጉሡን ማሸሽ ከፈለጋችሁ በእግሩ ነው።

ፈርዝ ከንጉሡ አጠገብ በንግሥቷ ቦታ ይቆማል። ኃይሉ ግን እዚህ ግባ አይባልም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው።

ሳባ («ፊል» ተብሎም ይጠራል) በቢሾፕ ቦታ ይቆማል። በሰያፍ በትክክል ሁለት ቤት ይዘላል። አንድ ቤት አይሄድም፣ ሦስትም አይሄድም። መሐል ላይ ጠጠር ቢኖር ግድ የለውም፣ ከላዩ አልፎ ያርፋል።

ፈረስ ያው ፈረስ ነው።

ደር ጥግ ላይ የሚቆመው ነው፤ ዛሬ ካስል ወይም ሩክ የምንለው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይነዳል። በሰንጠረዥ ከእሱ የሚበልጥ ጉልበተኛ የለም።

መደቅ ወታደሩ ነው። አንድ ቤት ወደ ፊት ይሄዳል፣ በሰያፍ ይበላል። በመጀመሪያ እርምጃው ሁለት ቤት መሄድ አይፈቀድለትም። አሥራ ስድስት ጠጠር ካለው ጦር ስምንቱ መደቅ ስለሆኑ፣ የእነሱ ቀርፋፋነት የጨዋታውን መልክ ሁሉ ይለውጠዋል።

መደቅ መጨረሻ ከደረሰ ምን ይሆናል?

ይሾማል፣ ፈርዝ ይሆናል። ሌላ ምርጫ የለም። «ታዲያ ለአንዲት ደካማ ፈርዝ ይህን ሁሉ መንገድ?» ትሉ ይሆናል። ፈርዝ ሁልጊዜ በሰያፍ ስለሚሄድ ከ64ቱ ቤቶች መርገጥ የሚችለው 32ቱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፈርዛችሁ የማይደርስባቸውን 32 ቤቶች የሚይዝላችሁ፣ በትክክለኛው ዓምድ ላይ የተሾመ መደቅ ነው። መደቁን በየትኛው ዓምድ እንደምታሾሙት ማሰብ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

አቀማመጡስ?

ጥግና ጥግ ላይ ደር፣ ቀጥሎ ፈረስ፣ ቀጥሎ ሳባ። ከመሐለኞቹ ሁለት ቤቶች በስተቀኛችሁ ባለው ላይ ንጉሥ፣ በስተግራችሁ ባለው ላይ ፈርዝ። መደቆቹ ከፊት ይሰለፋሉ።

ልብ በሉ፤ ተጋጣሚያችሁም ንጉሡን የሚያስቀምጠው በራሱ ቀኝ ነው። ስለዚህ የእናንተ ንጉሥ ፊት ለፊት የሚያየው የተጋጣሚውን ፈርዝ ነው እንጂ ንጉሡን አይደለም። በዘመናዊው ቼዝ ንጉሥ ከንጉሥ፣ ንግሥት ከንግሥት ነው የሚተያዩት። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ግን በዚህ አቀማመጥ ሁለቱ ፈርዞች የሚረግጡት ያንኑ 32 ቤት ስለሆነ መገናኘትም መበላላትም ይችላሉ፤ በዘመናዊው አሰላለፍ ቢቆሙ ኖሮ ዕድሜ ልካቸውን አይገናኙም ነበር።

ገበታው ጥቁርና ነጭ ካልሆነ ሰያፉ እንዴት ይታያል?

ይለመዳል። የድሮው ገበታ ቤቶቹ ባለ ሁለት ቀለም አልነበሩም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር ተከፋፍሎ የሚዘረጋ ነበር። ጠጠሮቹ ደግሞ ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት ይሠሩ ነበር። እናንተ ባላችሁ የቼዝ ገበታ ብትጫወቱ የሚከለክል ሕግ የለም። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ያግዛል።

እሺ፣ ወረራ ምንድን ነው?

መጣን።

ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ነጭ ይቀድማል፣ ጥቁር ይከተላል የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ይጀምራሉ፣ እያንዳንዱም ሌላኛው ስንት ጊዜ እንደሄደ ሳይቆጥር የፈለገውን ያህል ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል። እናንተ አንድ መደቅ እስክትገፉ ተጋጣሚያችሁ አምስት ሊገፋ ይችላል፤ ፈረሱን ያወጣል፣ ሳባውን ያዘላል፣ ደሩን ያሰልፋል። መብቱ ነው። ይህ የማሰለፍ ጊዜ ወረራ ይባላል።

ወረራው የሚያበቃው አንድ ነገር ሲሆን ብቻ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ። የመጀመሪያው ጠጠር በተበላባት ቅጽበት ተራ ይጀመራል። ያልበላው ወገን ቀጥሎ ይሄዳል፣ ከዚያ አንድ አንድ እያላችሁ እስከ መጨረሻው።

አስቡት። ቼዝ ተጫዋች ለዓመታት የሚሸመድደው የኦፕኒንግ (የአጀማመር) መስመር እዚህ ምንም አይሠራም። «እሱ ይህን ሲሄድ እኔ ይህን» የሚባል ቅደም ተከተል የለማ! ያለው ሁለት ጦር እየተያየ ሲሰለፍ ነው። ለእኔ ሰንጠረዥን ከሁሉም የቼዝ ዓይነቶች የሚለየው ይህ ነው፤ ጠጠሮቹ ቀርፋፋ ናቸው የሚለው ወሬ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ተራ ነገር ነው። እንዲያውም ቀርፋፋነታቸውን የሚያካክሰው ወረራው ነው። አረቦቹ ሻትራንጅን በተራ ነበር የሚጀምሩት፤ መደቅ አንድ አንድ ቤት እየሄደ፣ ጦሩ ሳይገናኝ ብዙ ጊዜ ያልፍ ነበር። እኛ ጋ ያ ሁሉ በደቂቃዎች ያልቃል፣ እሱም ራሱ ፍልሚያ ሆኖ።

በወረራ ጊዜ የሄድኩትን መመለስ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የተጋጣሚያችሁን አሰላለፍ አይታችሁ «ይሄ አላማረኝም» ካላችሁ ጠጠሩን ወደነበረበት መልሳችሁ ሌላ መሄድ ይፈቀዳል፤ መደቅም ቢሆን። የወረራው ጨዋታ በአብዛኛው ይኸው ነው። እሱ ጦሩን ወደ ቀኝ ሲያጋድል እናንተ ትመልሳላችሁ፣ መመለሳችሁን ሲያይ እሱም ያፈርሳል። ተራ ከተጀመረ በኋላ ግን መመለስ የለም።

ስለዚህ እጁ የፈጠነ ያሸንፋል ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ጀማሪ ሁሉ የሚፈራው ነው፤ ሁለት ጨዋታ ሳይሞላ ግን ይተወዋል። በፍጥነት ወደ ፊት የሮጠ ጠጠር ጠባቂ ከሌለው ምን ይሆናል? ይበላል፣ ተራም ይጀመራል፣ ባለቤቱም አንድ ጠጠር ጎድሎበት ጨዋታውን ይቀጥላል። ተጋጣሚያችሁ የሚደርስበት ቤት ላይ ጠጠር ስታስቀምጡ ለእሱ ተራ መጠበቅ የለበትም፤ ወዲያው ይወስደዋል።

እጁ የዘገየም የሚጎዳው ነገር አለ፤ መሐሉን ተጋጣሚ ይይዝበታል። ግን ዕቅድ ያለው ሰው ቶሎ ጨርሶ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥም ችግር የለም። ማንም «ሂድ» ብሎ አያስገድደውም።

ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። መደቆቹን ሰንሰለት አድርጋችሁ፣ አንዱ ሌላውን በሰያፍ እንዲጠብቅ አሰልፉ። ፈረሶቹን ከመደቆቹ ጀርባ አውጡ እንጂ ከፊት አታስቀድሙ። ሁለቱን ደሮች ሊከፈት ይችላል ብላችሁ ወደምትገምቱት ዓምድ አዙሩ። ንጉሡን ከመሐል ወደ አንዱ ጎን ፈቀቅ አድርጉ፤ ካስሊንግ ስለሌለ ይህን በነፃ የምታደርጉበት ብቸኛው ጊዜ ወረራው ነው። ብዙ ሰው ይህንን ይረሳና ኋላ ላይ ንጉሡን ለማሸሽ ብቻ አራት አምስት ተራ ያባክናል።

መጀመሪያ መብላት ይጠቅማል?

እንደሁኔታው ነው። ያልተጠበቀ ጠጠር ካገኛችሁ ይጠቅማል፣ ጥርጥር የለውም። የተጠበቀ ከሆነ ግን ስትበሉ ተራው የእሱ ነው፤ መልሶ ይበላችኋል፣ ቀጥሎ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ከመብላታችሁ በፊት ልውውጡ የት እንደሚያበቃ ተከተሉት።

ከዚህ የከበደ ጥያቄ አለ፤ ማን ነው የተሻለ የተሰለፈው? የእኔ ጦር ከተሟላና የእሱ ገና ከሆነ፣ ልውውጡ እኩል ቢሆንም መብላት ይሻለኛል፤ ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት የእሱ ነፃ እርምጃ አበቃ። እንደተበታተነ ተራ ይጀመርበታል። በተቃራኒው እኔ ካልተዘጋጀሁ ግጭቱን ማራቅ አለብኝ። መቼ ወረራውን እንደሚዘጋ የሚያውቅ ተጫዋች ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሁለታችንም እኩል ብንበላስ?

ያጋጥማል፣ በተለይ ሞቅ ሲል። ማን ቀድሞ እንደነካ መወሰን ነው። ጭቅጭቅ የማትወዱ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት «ቀድሞ የነካ» ወይም «ዕጣ» ብላችሁ ተስማሙ።

ተጋጣሚዬ ንጉሡ ብቻውን ቀረ። አሸነፍኩ?

አላሸነፋችሁም። አቻ ነው። ሕጉ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ላይ ቼክሜት (ንጉሡን ማምለጫ በሌለው ጥቃት መያዝ) አይፈቅድም።

እዚህ ጋ ዘመናዊ ቼዝ የለመደ ሰው ይናደዳል። ሁሉንም በልቼ፣ ሁለት ደር ይዤ፣ አቻ? አዎ። በአረቦቹ ሻትራንጅ የተጋጣሚን ጠጠር ሁሉ ጨርሶ ንጉሡን ብቻውን ማስቀረት በራሱ ማሸነፊያ ነበር። የእኛዎቹ ይህንን ገልብጠውታል። ያገኘውን ሁሉ የሚያግበሰብስ ተጫዋች በሰንጠረዥ ድሉን ራሱ ያበላሻል። ንጉሥ የሚማረከው ከነአጃቢው ነው።

ውጤቱን አስቡት። እያሸነፋችሁ በሄዳችሁ ቁጥር መብላት እየከበደ ይመጣል። «ይህቺን ፈረስ ብወስዳት ምን ይቀረዋል?» ብላችሁ መቁጠር አለባችሁ። እየተሸነፈ ያለውም ተስፋ አለው፤ የቀሩትን ጠጠሮቹን በግድ ሊያስበላችሁ፣ እዩልኝ ብሎ ከፊታችሁ ሊወረውራቸው ይችላል። ዘመናዊ ቼዝ ላይ እጅ የሚሰጥበት ሁኔታ እዚህ ገና ትግል ነው።

ሰባቱ ቆጠራ የሚሉትስ?

ንጉሡ ከአንድ ጠጠር ጋር ብቻ ከቀረ (መደቆች አይቆጠሩም) ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ቼክሜት ማድረግ አለባችሁ። ካልቻላችሁ አቻ ነው። የንጉሡ እርምጃ አይቆጠርም፣ የዚያ ብቸኛ ጠጠር ብቻ ነው የሚቆጠረው።

ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ለተጋጣሚው ቢያንስ ሁለት ጠጠር ይተውለታል፤ አስቦለት አይደለም፣ ጊዜ ለመግዛት ነው። እየተሸነፈ ያለው ወገን ግን ቆጠራው እንዲጀመርለት አንዱን ማስበላት ይፈልጋል። አንዱ «ብላልኝ» እያለ ሌላው «አልበላም» ሲል ማየት በጣም ያስቃል። ቆጠራውን ጮክ ብሎ መቁጠር ይሻላል፤ በልብ የተቆጠረ ሰባት ሁልጊዜ ያጣላል።

በየትኛው ጠጠር ቼክሜት እንዳደረግሁ ምን ለውጥ ያመጣል?

በነጥብ ምንም። በክብር ግን ብዙ። በደር ወይም በፈረስ መጨረስ እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር፤ ጉልበተኛ ጠጠር ይዞ ማሸነፍ ምን ይደንቃል? የሚያስጨበጭበው በፈርዝ፣ በሳባ፣ ወይም በመደቆች ትብብር መጨረስ ነው።

ለምን ከባድ እንደሆነ ሳባን ብቻ ብናይ ይበቃል። አንድ ሳባ በሰያፍ ሁለት ሁለት ቤት ስለሚዘል ከ64 ቤት መርገጥ የሚችለው 8 ብቻ ነው። ሁለቱም የእናንተ ሳባዎች ከእናንተ በኩል ሲቆጠር 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛና 7ኛ ረድፍ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አያርፉም። የተጋጣሚ ሳባዎች ደግሞ በቀሩት ረድፎች ላይ ናቸው። አንደኛ፣ የእናንተ ሳባና የእሱ ሳባ መቼም አይበላሉም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የተጋጣሚ ንጉሥ በራሱ የኋላ ረድፍ ላይ፣ ማለትም በእናንተ 8ኛ ላይ፣ እስከተቀመጠ ድረስ ሳባችሁ ቼክ እንኳ ሊለው (ሊያስፈራራው) አይችልም። በሳባ ለመጨረስ መጀመሪያ ንጉሡን ከቤቱ ማስወጣት፣ ቀጥሎ ከስምንቱ ቤቶች በአንዱ ላይ እንዲቆም ማስገደድ ያስፈልጋል። ይህን ያደረገ ሰው ቢኮራ አይፈረድበትም።

በፈርዝ የሚሆነውን ገበታ አውጥታችሁ ሞክሩት። የተጋጣሚ ንጉሥ በመጨረሻው ረድፍ፣ በስተቀኛችሁ ባለው ጥግ ላይ ነው። ንጉሣችሁ በዚያው ዓምድ ሁለት ቤት ወደ እናንተ ቀረብ ብሎ ቆሟል፤ በመካከላቸው አንድ ባዶ ቤት አለ። ፈረሳችሁ ከንጉሣችሁ በስተግራ በተመሳሳይ ረድፍ ላይ ነው፣ እዚህም መሐል ላይ አንድ ባዶ ቤት አለ። አንድ መደቃችሁ ደግሞ መጨረሻው ረድፍ ደርሶ ፈርዝ ሆኗል፤ የተሾመው ከተጋጣሚ ንጉሥ በስተግራ ሁለት ቤት ራቅ ብሎ ነው። ተጋጣሚ ንጉሡን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ መውጫዎቹን ፈረሱ፣ ንጉሡና ፈርዙ ዘግተዋቸዋል። የቀረችውን አንዲት ጠጠር ያንቀሳቅሳል፣ ሌላ የሚሄደው የለውም። ያቺ ጠጠር መንገድ ካልዘጋችባችሁ ፈርዙ በሰያፍ አንድ ቤት ወደ ንጉሡ ዝቅ ይላል፤ ቼክሜት። ንጉሡ ፈርዙን ልብላ ቢል በንጉሣችሁ ተጠብቋል።

እንግዲህ ያቺን ቀሪ ጠጠር ቀድማችሁ ብትበሏት ኖሮ ይህ ሁሉ ውበት አቻ ይሆን ነበር።

ተመልካች ዝም ማለት አለበት?

በዘመናዊ የቼዝ ውድድር አዎ። በሰንጠረዥ ግን በጭራሽ! በ19ኛው መቶ ዘመን በኢትዮጵያ የቆዩ ተጓዦች የመሳፍንቱን ጨዋታ ሲገልጹ፣ ዙሪያውን የከበበው ሰው ምክር እየሰጠና እየጮኸ ይሳተፍ እንደነበር ጽፈዋል። ጌታው ተጫዋች ቢሆንም አጃቢው አያርፍም። መንገድ ዳር በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ያየ ሰው ትዕይንቱን ለመገመት አይቸገርም፤ ሁለት ሰው ይጫወታል፣ አሥር ሰው ያስባል።

ዛሬም ስትጫወቱ ይህን ባትከለክሉት ደስ ይለኛል። በወረራ ጊዜ የተመልካች ጫጫታ ሲጨመር ጨዋታው ሌላ ነው።

ማን ነበር የሚጫወተው?

በጽሑፍ የምናገኛቸው ባብዛኛው ቤተ መንግሥትና መኳንንት ናቸው። ከ1508 እስከ 1540 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን ይገዙ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን አብዝተው ይወዱ ነበር፤ ይህን የምናውቀው እሳቸው ዘንድ ከሄደው ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው። በኋላም የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ስለ አጨዋወቱ ጽፏል። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች ሲመዘግብ ሰንጠረዥን አልዘለለውም።

እነዚህን የተበታተኑ መረጃዎች ሰብስበው ታሪኩንና ሕጉን በአንድ ያስቀመጡልን የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት። እሳቸው ባይሰበስቡት ኖሮ ዛሬ ስለ ወረራ የምናወራው ነገር እጅግ ያንስ ነበር።

ታዲያ ለምን ጠፋ?

ፓንክረስት የመጥፊያውን ጊዜ የሚያያይዙት በ1928 ዓ.ም. ከገባው የጣሊያን ወረራና ከዚያ በኋላ ካሉት ዓመታት ጋር ነው። ጨዋታው የኖረው በመኳንንቱ ግቢ ስለነበር ያ ዓለም ሲፈርስ አብሮ ተበተነ። ዘመናዊው ቼዝም ከነመጽሐፉና ከነውድድሩ መጣ። መጽሐፍ ያለው ጨዋታ መጽሐፍ የሌለውን ያሸንፋል።

ዛሬ ለመጫወት ምን ያስፈልገኛል?

ተራ የቼዝ ዕቃ። ንግሥቷን ፈርዝ በሏት፣ ቢሾፖቹን ሳባ፣ ካስሎቹን ደር። አለቀ። ጨርቅ ላይ መስመር አስምራችሁ ብትጫወቱ ያምራል፣ ግዴታ ግን አይደለም። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው በወረራ ጊዜ እጃችሁ ሲጋጭ የማይኮርፍ ጓደኛ ነው።

የቼዝ ሰዓት ካላችሁ ወረራው እስኪያበቃ አትንኩት። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ያኔ አስጀምሩት። ወረራው እንዳይንዛዛ የምትፈሩ ከሆነ የአምስት ደቂቃ ገደብ ተስማሙ፤ ይህ የጥንቱ ሕግ አይደለም፣ የኔ ሐሳብ ነው።

ንጉሡ ቼክ ሳይባል የሚሄድበት ቤት ሲጠፋ፣ ሌላ የሚንቀሳቀስ ጠጠርም ሳይኖረው ሲቀር ምን እንደሚሆን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ አቻ እንለዋለን።

ቼዝ ጎበዝ ነኝ፤ ሰንጠረዥ ይቀለኛል?

ፈረስና ደር ላይ ያላችሁ ችሎታ እንዳለ ይሠራል። የሚያስቸግራችሁ ሳባ ነው። ዓይናችሁ ከቢሾፕ ጋር ለምዷልና ሰያፉ ላይ ከሩቅ የሚጠብቅላችሁ ይመስላችኋል፤ አይጠብቅም። አጠገቡ በሰያፍ የቆመውንም ጠጠር መብላት አይችልም። የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ስትሸነፉ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ይሆናል። ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ሳባችሁ የሚያርፍባቸውን ስምንት ቤቶች ባዶ ገበታ ላይ እየዘለላችሁ አንዴ ቁጠሯቸው፣ ከዚያ ጠጠሮቹን ደርድሩና ወረራውን ጀምሩ።